አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ፊሽካ

ዋሽንግተን በሚገኘው ካፒታል ዋን አሪና የአሜሪካው የባለሙያዎች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤው ዊዛርድስም የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድንም ይጫወታሉ። ሁለቱንም ገብቼ አየሁ። አዳራሹ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን ለየቅል። ዊዛርድስ 48 ደቂቃ ይጫወታል፤ ተጫዋች የሚወጣው በስድስተኛው ፋውል ነው። ተማሪዎቹ 40 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ በአምስተኛው ይወጣሉ። ይህ ብዙም አላስገረመኝም። ዓይኔን የያዘው፣ በወርዋሪ ላይ ፋውል ሲሠራ ዳኛው የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ነገሩ ሁሉ ውርወራው መቼ ጀመረ በሚለው ላይ ያርፋል። በኤንቢኤ ድሪብሉን ጨርሶ፣ ኳሷን ሰብስቦ ወደ ቅርጫቱ የሚገሰግስ ተጫዋች ቢመታም እርምጃውን ይጨርሳል። ካገባ ይቆጠርለታል፤ አንድ ነጻ ውርወራም ይጨመርለታል። አገር ቤት የምንዳኝበት የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊባ ሕግም ለዚህ ይቀርባል። የኮሌጁ ግን ለብዙ ዘመን ንፉግ ነበር፤ ውርወራው ሳይጀመር ፋውል ከተሠራ የገባችው ኳስ ትሰረዝ ነበር። ከ2025-26 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ጀምሮ የወንዶቹ ሕግ ላላ። በተማሪዎቹ ጨዋታ እንዲህ ያለች ኳስ ስትቆጠር፣ አጠገቤ የተቀመጠው ያገሬ ልጅ፣ «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ድሮ አትቆጠርም ነበር!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ተከላካዩ ቦታውን መቼ መያዝ አለበት በሚለው ደግሞ ሦስቱም ይለያያሉ። ለፊባ ወርዋሪው መሬት ከመልቀቁ በፊት፤ ለኤንቢኤ ሽቅብ የመወርወር እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት፤ ለኮሌጅ ወንዶች ከ2023-24 ወዲህ ለመዝለል እግሩን ከመትከሉ በፊት። ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም፤ ያንኑ ግጭት ግን አንዱ ዳኛ በወርዋሪው፣ ሌላው በተከላካዩ ላይ ይፈርደዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምቆረቆረው ወርዋሪው ለሚያርፍበት ቦታ ነው። አየር ላይ ያለ ሰው ራሱን ማዳን አይችልም። ሜይ 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ኦክላንድ ላይ የሳን አንቶኒዮው ካዋይ ሌናርድ ወርውሮ ሲወርድ በጎልደን ስቴቱ ዛዛ ፓቹሊያ እግር ላይ አረፈና ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። ሲወጣ ቡድኑ በ23 ነጥብ ይመራ ነበር፤ 113 ለ111 ተሸነፈ። ሌናርድም በዚያ ዙር ከጎልደን ስቴት ጋር በቀሩት ጨዋታዎች አልተሰለፈም። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ኤንቢኤ፣ ዳኞች ምስሉን አይተው እንዲህ የወርዋሪን ማረፊያ የሚነሣውን ፋውል ወደ ከባድ ጥፋት ከፍ እንዲያደርጉት ፈቀደ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ደግ አደረገ። ከ2021-22 ወዲህ ደግሞ ወርዋሪው ፋውል ፍለጋ እግሩን አላግባብ ዘርግቶ ተከላካዩን ቢነካ፣ ወይ ፋውሉ የራሱ ይሆናል ወይ ፊሽካ አይነፋለትም። ይህም መጨመሩ ተገቢ ነው፤ ተከላካዩም የራሱ ሰውነት አለው።