ቅዳሜ ከቮልሷ ጋር

«ይህን ቆርቆሮ ሸጠህ ለምን አታርፍም?» ይሉኛል ወዳጆቼ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኔዋ ከዚያ በብዙ ትቀድማለች። ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ቺንጋዋ ከተበጠሰ ማራገቢያው ይቆማል፤ ስለዚህ እሱን ሳላይ ከከተማ አልወጣም። ቫልቮቿን የምናስተካክለው በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር።

«የምናስተካክለው» ማለቴ ከልጄ ጋር ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቤት ውስጥ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ካወጣ ሰንብቷል። (እናቱ ስትጸልይለት ከርማለች።) ካቻቢቴ ሲያቀብለኝ ግን ያወራል። ባለፈው ቅዳሜ አራተኛውን ቫልቭ ስንለካ፣ ቀና ሳይል፣ «አባዬ፣ ትምህርቴን ማቋረጥ እፈልጋለሁ» አለኝ።

እኔም ቀና አላልኩም። «ለምን?» አልኩት። ገና አራት ቫልቭ ይቀረን ነበር።