ጆሮሽ ቢጮህም ከሰው አትራቂ

ለምወድሽ ልጄ፣

ነገ ከቀየት ተነስተሽ አዲስ አበባ ልትገቢ ነው። ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ጓደኛ እናትሽ መክራሻለችና እኔ የምጽፍልሽ ስለ ጆሮሽ ነው።

የእኔ ጆሮ መጮህ የጀመረው በናፍጣው ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ሲነሳ አጠገቤ የቆመው ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይሰማኝም ነበር። ማታ ሁሉ ጭር ሲል እንደ ፌንጣ ያለ ቀጭን ድምፅ ይነሳብኛል። አንቺም እዚያው ስታግዢኝ ነው ያደግሽው። ባለፈው ክረምት «አባዬ፣ ጆሮዬ አላስተኛ አለኝ» ስትዪኝ ወዲያው ገባኝ።

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ረቂቅ፣ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ኃይለኛ ድምፅ ከገደላቸው አይተኩም። ባለሙያዎች እንደሚሉት 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት አይገባም፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። መርካቶ ሥራ ካገኘሽ ከጄኔሬተርና ከሙዚቃ ቤት ስፒከር ራቂ። ጥጥ ብዙ አያድንም፤ ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ግዢ። ጩኸቱን ለመሸፈን ብለሽ ኢርፎን ከፍ አድርገሽ አትስሚ። ሌሊት ግን ፍጹም ጸጥታ ያብሰዋልና ሬዲዮ ዝቅ አድርገሽ ክፈቺ።

ከጩኸቱ ይልቅ የምፈራልሽ ብቸኝነቱን ነው። አንድ ጎረቤታችን በሰንበቴ የሚወራው አልያዝ ሲለው ዝም ብሎ ፈገግ ይል ነበር፤ ቆይቶ መቅረት ጀመረ፤ ሰውም ኮራ አለው። እንደማይሰማው ቢነግራቸው ኖሮ ማንም አይቀየመውም ነበር። አንቺ ለአከራይሽም ለሥራ ባልደረቦችሽም ገና ስትተዋወቂያቸው «ጆሮዬ ይጮኻል፣ ፊት ለፊቴ ሆናችሁ ንገሩኝ» በያቸው። ቡና ሲጠሩሽ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብለሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪ እንጂ አትቅሪ። ስልክ ባይሰማሽ በጽሑፍ ላኪ።

ሕክምናውን አታዘግዪ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ታዪ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምትሽ ጋር የሚመታ ከሆነ ወይም መስማትሽ በድንገት ከቀነሰ ለነገ አትበይ። ጀንታማይሲን የሚባለው መርፌ ጆሮ ይጎዳልና ሊወጉሽ ሲሉ ጆሮሽ እንደሚጮህ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ታይተሽ ሐኪሙ ያለሽን ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ