ዝርዝሩ ማን ዘንድ ነው?

በቤታችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ? የልጆች የክትባት ቀን፣ የዕቁብ ተራ፣ የውሃው ቧንቧ የሚዘጋበት ቦታ? እንግዲያው ባለፈው መስቀል የገጠመኝን ላጫውታችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤቶች ያሉት ድርጅት ተቀጥሬ የኮምፒውተር ሥራውን እከታተላለሁ። ቅርንጫፎቹ የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ የሚያዩት በኢንተርኔት ነው። ጥያቄዎቻቸውን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለው «ሎድ ባላንሰር» ይባላል። ድግስ ቤት በር ላይ ቆሞ «እናንተ ወደዚህ ድንኳን፣ እናንተ ወደዚያኛው» የሚለውን ሰው አስቡት። የተበላሸ ሰርቨር ካለ ማንንም ወደዚያ አይልክም።

የእኛ «ቤዚክ» የሚባለው የማይክሮሶፍት አሮጌ ዓይነት ነበር። መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሚያበቃ ወደ «ስታንዳርድ» ተዛወሩ የተባልነው ከ3 ዓመት በፊት ነው። እኔ «ነገ፣ ነገ» ስል መስቀል ደረሰ። ሐሙስ ሌሊት ተቀምጬ አዛወርኩት። ሞከርኩት፤ ሠራ። በማግስቱ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ያለው እናቴ ቤት ገባን።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ስልኬ 6 ጊዜ ተደውሎበታል። የሐዋሳው ቅርንጫፍ ከጠዋት ጀምሮ መግባት አልቻለም። አንዲት እናት ለልጇ ኢንሱሊን አጥታ ቆማለች፤ የት እንዳለ የሚነግራት የለም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አሮጌው ጠባቂ ካልተመደበበት በስተቀር የመጣውን ሁሉ ያስገባል። አዲሱ ግን «እገሌ ይግባ» ተብሎ ካልተጻፈለት በሩን አይከፍትም። እኔ ደግሞ ቅርንጫፎቹን የጻፍኩት ከጭንቅላቴ ነበር፤ ሐዋሳን ረሳሁት። በስልኬ ኢንተርኔት ላፕቶፔን አገናኝቼ በ10 ደቂቃ አስተካከልኩት። ሴትዮዋ ግን መልስ ያገኘችው ግማሽ ቀን ከቆመች በኋላ ነው። ለዚያ ሰበብ የለኝም።

አፍሬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እናቴ ጉልበቷን ስላመማት አታካናውን የምታማስለው የወንድሜ ባለቤት ነበረች።

«እማማ፣ ቅቤው ስንት ይሁን?»

«ዓይንሽ ይነግርሻል፣ ልጄ።»

«ዓይኔ ምንም አላለኝም!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቄ ቶሎ ቆመ። የልጄን ደብተር አመጣሁና እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለስንት ቡላ ስንት ወተት፣ ስንት ቅቤ እንደሚገባ ጻፍኩ። ደም ግፊት ስላለበት ቅቤ የሚቀነስለት ጎረቤት፣ ዘንድሮ ሐዘን ላይ ስላሉ ሰሃን የሚላክላቸው ቤተሰቦች፣ ተኳርፈው አጠገብ ለአጠገብ የማይቀመጡት ሁለት አጎቶች፤ ሁሉንም ጻፍኩ። አራት ገጽ ሞላ።

እናቴ ደብተሩን አገላብጣ አየችና «ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለች።

በማግስቱ እንግዳ ሲገባ እሷ ሳሎን ተቀምጣ ነበር፤ እኔ እስከማስታውሰው ለመጀመሪያ ጊዜ። ሁለት ጊዜ «ልይ» ብላ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜም የልጅ ልጆቿ ጎትተው አስቀመጧት።

እኔም ወደ ሥራ ስመለስ የቅርንጫፎቹን ዝርዝር ጽፌ ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁ። እናንተም አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፉና ደብተር አውጡ። ባለዝርዝሯ አጠገባችሁ እያለች፣ ጥያቄ ስታበዙባት እየሳቀች መመለስ በምትችልበት ጊዜ ይሁን።