ያው ነው፣ ያው አይደለም

በቃ፣ ተሳካ። ኤፍ 5ን ስጫን የእማዬ እድር ስም ዝርዝር ራሱን ያጠራል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በእጅ ቢሆን ሃያ ደቂቃ ነበር፤ ይሄን ልትሉ የተዘጋጃችሁትን አውቃችኋለሁ፣ ተዉኝ።

ጸሐፊ ያደረጉኝ "ኮምፒውተር ይችላል" ብለው ነው። ዛሬ የተረከብኩት ፋይል ላይ አንዱ አባል ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ተብሎ ሦስት ቦታ ሰፍሯል። ሦስቴ መዋጮ ሊከፍል ነው። ጽሑፍ ማረሚያዬ ቪም ካለ ምን ችግር አለ ብዬ፦ ፐርሰንት፣ ቃለ አጋኖ፣ ሶርት፣ ሰረዝ ዩ። ዝርዝሩ በሙሉ ወደ ሶርት ይሄዳል፣ ሰረዝ ዩዋ ድግግሞሹን አውጥታ ትመልሰዋለች። መለሰችው። ሦስቱም ኃይሉዎች በሰላም ተቀምጠዋል።

እንግዲያው መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ማምጣት። ቲአር የሚባለውን ፕሮግራም "ኃን ሀ አድርግልኝ" አልኩት። እሱ የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው፤ የኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት መሆኑ አይገባውም። አበበን ሠበበ አድርጎ መለሰልኝ። ልመልሰው ዩን ብጫን እምቢ። ለካ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው፤ ቪም "ኡ" ሲሉት ምን ያውቃል።

እማዬ ፀሐይ ናት። "በፀሐዩ ፀ" ሳትል ስሟን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። መታወቂያ ስታሳድስ መስኮት ላይ የነበረው ልጅ በጸሎቱ ጸ፣ በሃሌታው ሀ ጻፈው። "ልጄ፣ ይሄ የኔ ስም አይደለም" ብትለው ቀና እንኳ ሳይል "ያው ነው እማማ" አላት። ይሁን። ከወራት በኋላ የቤቱን ካርታ ይዘን ሌላ መስኮት ቀረብን። ሴትየዋ ካርታውን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ "ያው አይደለም።" ከዚያማ ምስክር አምጡ፣ ማመልከቻ ጻፉ፣ ነገ ተመለሱ። እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "እኔማ ነግሬው ነበር" ስትል እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ብቻ። ሌላው ፕሮግራም፣ ሴድ፣ ፊደል ያውቃል። ዋይ የምትባለው ትእዛዙ ኃን፣ ሃንና ሐን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ፀን በጸ ትተካለች፤ ሰባቱንም ቤት እየዘረዘሩ መጻፍ ግን የባለጉዳዩ ፈንታ ነው። ሴድን በፓይፕ ከሶርት ጋር አያይዤ ኤፍ 5 ላይ አደረግኩት። ቪም ገና ሲከፈት ጮኸብኝ። ኤፍ 5ን ስጫን ደግሞ ትእዛዙን እስከ ግማሽ ጽፎ ቆመ፣ ያየኛል አየዋለሁ። ቁልፍ ላይ ትእዛዝ ስታስር ያቺ የፓይፕ ቋሚ መስመር ለቪም "እዚህ ጋ አለቀ" ማለት ናት ለካ። በሷ ቦታ "ባር" ብሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መጻፍ ነው። ለዚህች ብቻ አንድ ሰዓት!

ከዚያ ኃይሉ አንድ ሆነ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ፦

ጸሀይ።

ኪቦርዱን ቀየርኩና ዩን ተጫንኩ። ኃይሉ ሦስቴ ይክፈል።