ሚዛን የሌለበት መንገድ

ከሰሜን ጣልያን ቱኒስ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከጄኖቫ በመርከብ የሚሄድ ግን አንድ ቀን ከነሌሊቱ ባሕር ላይ ነው። ይህን እያወቁ በሐምሌና በነሐሴ ከቱሪን፣ ከሚላኖ፣ ከሞዴና፣ አልፎም ከስዊዘርላንድና ከጀርመን መኪናቸውን እየነዱ ወደዚህ ወደብ የሚጎርፉት ቱኒዝያውያን ብዙ ናቸው። እኔ መኪና ስላልነበረኝ ወረፋዬ አጭር ነበር፤ ቢሆንም ከመኪኖቹ መካከል ለመውጣት አልቸኮልኩም።

ለምን በአውሮፕላን አይሄዱም ለሚል መልሱ ጣሪያቸው ላይ ነው። አንዲት ነጭ ፔጆ ሁለት ፍራሽ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የሕፃን አልጋና ብስክሌት ተሸክማለች፤ ሁሉም በሰማያዊ ሸራ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ባለቤቱ ሃምሳውን ያለፈ የሴራሚክ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አንድ እግሩን ጎማው ላይ ተክሎ ገመዱን ይስባል፤ ልጁ በወዲያኛው በኩል ተቀብሎ ያጠብቃል። ማሽኑ ለታናሽ እህቱ ነው፤ ፍራሾቹ ለእናቱ ቤት፤ ብስክሌቱ የማን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም። «ልጅ የማይጠፋበት ቤት ነው፤ ባለቤት አያጣም» አለኝ። ከዚያ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ከመሬት እስከ ሸራው ጫፍ ለካ። ለመኪናው የሚከፍለው በርዝመቱና በቁመቱ ነውና ጭንቀቱ ቁመቱ ብቻ ነበር። ዕቃው ስንት ኪሎ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

በዚህ መስመር ከሚመላለሱት መርከቦች አንዷ ታኒት ናት። ስሟን ከጥንታዊቷ ካርቴጅ አምላክ የወሰደች፣ በደቡብ ኮሪያ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረች፣ ከ3,000 በላይ መንገደኞችና 1,000 ያህል መኪኖች የምትይዝ የቱኒዝያ መርከብ። የመኪና መርከብ ሲጫን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። ግዙፉ የብረት በር መሬት ላይ ተዘርግቶ ድልድይ ይሆናል፤ መኪኖቹ በላዩ እየተንኳኩ ይገባሉ። ሠራተኞቹ በእጅ ምልክት እየመሩ መስተዋት ለመስተዋት አጠጋግተው ያቆሟቸዋል፤ የጭነት መኪኖች በሰንሰለት ከወለሉ ጋር ይታሰራሉ። በመጨረሻ በሩ ቀስ ብሎ ሲነሣ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። የእነዚህ መርከቦች የመኪና ወለል ከዳር እስከ ዳር ግድግዳ የሌለው ሜዳ ነው፤ ውሃ ከገባበት ወደ አንድ ጎን ይሰበሰብና መርከቡን ይገለብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከቤልጅግ ዜብሩጅ ወደብ የፊት በሩ ሳይዘጋ የወጣ የእንግሊዝ መርከብ በደቂቃዎች ውስጥ ተገልብጦ 193 ሰዎች አልቀዋል። በር መዝጋት የሚባለው ተራ ሥራ የስንት ሰው ነፍስ እንደሚይዝ ማሰብ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1543 ጀምሮ የቆመውን የጄኖቫ የመብራት ግንብ አልፈን ወጣን። ጣልያንም በዘመኗ ድሆቿን ወደ አርጀንቲና የሸኘችው ከዚሁ ወደብ ነው።

ማታ መተላለፊያው ሁሉ ቤት ሆነ። ካቢን ያልያዙ ቤተሰቦች ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ ጫማቸውን በረድፍ ደርድረው ተቀመጡ። አንዲት ልጅ ለአባቷ የመግቢያ ፎርም ትሞላለች፤ «ሥራ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ጠየቀችው፤ «ጡረታ በይ» አላት፤ ቃሉን ሲናገር ፊቱ በራ። አጠገቤ የነበሩት እናት፣ ሁሉም ሃጃ የሚሏቸው፣ ዳቦ ከቱናና ሃሪሳ ከሚሉት የበርበሬ ድልህ ጋር አቀረቡልኝ። ጣልያንኛቸው ከእኔ ይሻላል።

«አገርሽ ባሕር አለው?» አሉኝ።

«የለውም፤ ኤርትራ ከተለየች ወዲህ የለንም።»

«ታዲያ በምን ትመለሳላችሁ?»

«በአውሮፕላን።»

«ዕቃችሁስ?»

እንዲህ በቀጥታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የእኛ ሰው ከቤይሩትም ይምጣ ከሪያድ፣ ከሮምም ይምጣ ከዋሽንግተን፣ አገሩ የሚገባው ተመዝኖ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ለመሄድ አንድ ሌሊት ሲቀር ሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የአክስት ጫማ ወጥቶ የእናት መድኃኒት ይገባል። ከኪሎው ይልቅ «የማን ይቅር?» የሚለው ይከብዳል። ዓመታት ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እህታችን ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክካ ሻንጣዋን ስትከፍት፣ ለወንድሟ የገዛችውን ጃኬት ለብሳ በላዩ ሌላ ስትደርብ አይቻለሁ። ስደት ለእነዚህ ቱኒዝያውያንም ስደት ነው፤ ፋብሪካው ያደክማቸዋል፣ ናፍቆቱም ያው ነው። ግን በላባቸው ያፈሩትን ለወገናቸው ሁሉ ሳያጓድሉ ይዘው የሚገቡበት መንገድ አላቸው። ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ለእኛም ሰው ተመኘሁት።

ለሃጃ ይህን እንደምንም በጣልያንኛ አስረዳኋቸው። እሳቸውም የተቀቀለ እንቁላል ላጡልኝ።

ከዚህ መርከብ ወለል ላይ ሆኖ ሌላውን መንገድ መርሳት አይቻልም። ከሊብያና ከቱኒዝያ ዳርቻ ወደ ሰሜን የሚነሡት ጀልባዎች ሚዛን የላቸውም፤ ዕቃም አይጭኑም። ሰው ተጠጋግቶ እንዲሞላ ሻንጣው ባሕሩ ዳር ይቀራል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 የጣልያን ደሴት ላምፔዱዛ አጠገብ አንድ ጀልባ ተቃጥሎ ሲገለበጥ 368 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። እኔ ለቲኬት የከፈልኩት እነሱ ለደላላ ከሚከፍሉት እጅግ ያነሰ ነው፤ ከዚያም በላይ ትራስ፣ ሻይና የሕይወት ማዳኛ ጀልባ ነበረኝ። ልዩነቱን ያመጣው ከፓስፖርቴ ጋር የያዝኳት የመኖሪያ ፈቃድ ናት። ማንም ይህን ትክክል ነው ቢለኝ አልቀበልም።

በማግሥቱ በስተግራ ቦን ጫፍ፣ በስተቀኝ የካርቴጅ ኮረብታ ታየ፤ የቱኒስ ወደብ ላ ጉሌት ደረስን። በ19ኛው መቶ ዘመን የሲሲሊ ድሃ አሣ አጥማጆች እዚህ መጥተው ሰፍረው ነበር፤ እንጀራ ፍለጋ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሻገሩበት ጊዜ ማለት ነው። የፊልም ተዋናይቷ ክላውዲያ ካርዲናሌ የተወለደችው ከሲሲሊ ሰፋሪዎች ዘር ነው። ዛሬም በየዓመቱ ነሐሴ 9 ቀን የሲሲሊዋ ከተማ የትራፓኒ እመቤታችን ምስል ከላ ጉሌት ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቆሞ ያያል።

በእግር የወጣነው ቶሎ ጨረስን። መኪኖቹ ግን ጉምሩክ ፊት ተሰለፉ፤ ከነጩ ፔጆ ሸራው ወርዶ ማጠቢያ ማሽኑ ሲፈተሽ አየሁ። ከአጥሩ ወዲያ የእረፍት ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ ጄኖቫ የሚመለሱት በዚያችው መርከብ ሊሳፈሩ ይጠባበቃሉ። የእነሱ ጣሪያ ባዶ ነው፤ የኋላ ሣጥናቸው ግን አይዘጋም፤ የወይራ ዘይት በጀሪካን፣ በቤት የተሠራ ኩስኩስ በማዳበሪያ፣ ሃሪሳ በጠርሙስ። አንዲት እናት በመስኮት ገብታ የልጇን እግር እያስነሣች አንድ ጀሪካን ከመቀመጫው ሥር ጨመረች፤ ልጁ «በቃ እማ፣ ሞላ» ይላል፣ እሷ «መርከቡ አይመዝንም» እያለች ሁለተኛውን ታቀብለዋለች።