ያ ሃንድአውት የት ነው?

አስተማሪ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው እንደ ትምህርቱ አካሄድ ነው፦ የኮርስ ኮድ፣ ምዕራፍ፣ ክፍለ ጊዜ። ተማሪ ሲቸግረው የሚያስታውሰው ደግሞ የጉዳዩን ስም ነው። ይህን ልዩነት ልብ ያልኩት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውኃ ሳስተምር፣ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ተቋሙ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተ ነውና ስለ ውኃ የሚነበብ አይታጣም፤ ከተከመረው መካከል የሚፈልጉትን ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ስለ ኩልፎ ወንዝ ደለል የሚያትት ሃንድአውት ለቅቄ ነበር፤ ስሙ ላይ ያለው ኮዱና «ምዕራፍ 4» የሚለው ብቻ። የሌላ ሰው መልእክት ማስተካከል ስለማይቻል ተማሪዎቹ ሪፕላይ እያደረጉ ሃሽታግ ይለጥፉበት ጀመር፦ #ደለል፣ #ድልድይ፣ #ሚድ። አንዱ #ጫሞ ብሎ ጻፈ። ደስ አላለኝም። የጻፍኩት ስለ ወንዝ ነው፤ ሐይቁን ምን አመጣው? ስጠይቀው «ቲቸር፣ ኩልፎ ያጠበው አፈር መጨረሻው የት ነው? ጫሞ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ወንዙ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ፣ አርባ ምንጭን አልፎ ጫሞ ይገባል። ኋላ ስለ ሐይቁ ዓሣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ ግሩፑን ሲቀላቀል ሃንድአውቱን ያገኘው በዚያች ሃሽታግ ነው። በምዕራፍ ቁጥር ቢሆን መኖሩንም አያውቅም ነበር።

መደርደሪያ እንዲህ አንዱን ጽሑፍ በብዙ ስም ማስገኘት አይችልም። ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ አንድ መጽሐፍ አንድ ቦታ ብቻ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴሊሺየስ የተባለው አገልግሎት ሰዎች ያገኙትን ድረ ገጽ በመረጡት ቃል ሁሉ እየሰየሙ እንዲያስቀምጡ፣ ሌላውም እንዲያየው አደረገ። በዓመቱ ቶማስ ቫንደር ዋል ይህን ከተጠቃሚው የመነጨ አመዳደብ ፎክሶኖሚ አለው።

ለጋሞ ደጋ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሳይንስ በአንድ የላቲን ስም የሚጠራውን እንሰት የጨንቻና የዶርዜ ገበሬዎች በብዙ ዓይነት ለይተው ይሰይሙታል፤ ይኸኛው ለቡላ፣ ያኛው ለአሚቾ፣ ሌላው ለቃጫ ይባላል። ቆጮውን ፍቀው የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸውና የዕውቀቱ ብዙ ክፍል በእነሱ እጅ ነው። ያን ሁሉ ስም ማንም ቢሮ ተቀምጦ አላወጣውም። ችግሩም አብሮት አለ፤ ያው ዓይነት እንሰት ሌላ መንደር ውስጥ ሌላ ስም ይኖረዋል።

እኛም እዚያው ችግር ላይ ወደቅን። አንዱ #ውሃ፣ አንዱ #ውኃ፣ ሌላው #ዉሃ ይጽፋል፤ ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለቴሌግራም ሦስት። በሁለት ቃላት መካከል ክፍት ቦታ ከተተወ ደግሞ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። የክፍሉ ተጠሪ አንድ ዝርዝር አዘጋጅታ ፒን አደረገችው፦ ለዋና ዋናዎቹ ጉዳዮች አንድ የተስማማንበት አጻጻፍ፣ ከዚያ ውጪ ማንም የፈለገውን ይጨምር። ይህን ነፃነት እንዳይነኩት አጥብቄ ተከራከርኩ፤ #ጫሞ የመጣው ከዚያ ነውና።

ዴሊሺየስ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ነገር መቀበል አቁሟል። ቴሌግራምም የሰው ቤት ነው። ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተጠሪዋ ፋይሎቹን ከነመለያቸው ወደ ኤክሴል ትገለብጣለች፤ ለቀጣዩ ባች የሚሰጠው እሱ ነው። ከሠንጠረዡ መካከል አንዲት የጨንቻ ልጅ በጋሞኛ፣ በላቲን ፊደል የጻፈቻቸው መለያዎች አሉ። ማንበብ የማይችሉ ጓደኞቿ ይጥፉ ቢሉም እንዲቆዩ አደረግኩ፤ ከደጋው የሚመጣ ሌላ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው በእነሱ ሊሆን ይችላል።