የቤዝ ያለህ!

እኛ ቤዝ ጊታር ጀምረናል። («እኛ» ስንል አንድ ሰው ነን፤ ጥፋቱን ለብቻ መሸከም ስለከበደን ነው።) አራት ክር ብቻ ስላለው ይቀለናል ብለን ነበር የገባንበት። ለቅዳሜ ሦስት አዲስ ዘፈን እንድናጠና ታዘዝን፤ ካልያዝን የድሮው ቤዚስት ይጠራል።

ዘፈኖቹን በሞባይል ከፈትን። ድምፃዊው አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ ቤዙ የለም! ለካስ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚርገበገበው፤ የሞባይሏ ሚጢጢ ስፒከር ደግሞ ያንን አታወጣውም። ከእህታችን ኢርፎን ተውሰን ገና ሰማነው።

ሁለቱ ዘፈኖች ትዝታና ባቲ ናቸው። ቅኝታቸው አምስት አምስት ድምፅ ስለሆነ ጣታችን እየተደናበረም ቢሆን መንገዱን አገኘ። ጉዱ ሦስተኛው ነው፣ ችክችካው። ጭንቅላታችን ሦስት ሦስት ሲቆጥር እግራችን ሁለት ሁለት ይረግጣል፤ ልምምድ ላይ አራት ጊዜ ዘፈኑን አስቆምን። ሁሉም ዝም ሲል የድሮው ቤዚስት ስልክ እየተደወለ መሰለን።

ድራመሩ ስቲኩን አስቀመጠ። «አቦ፣ ጣትህን ማየት ተው! የእኔን እግር ስማ» አለን።

አንዲት ድምፅ ብቻ ይዘን ከፔዳሉ ጋር እኩል መታን። ደግመን መታን። ዘፋኟ ዞር ብላ አየችንና መዝፈኗን ቀጠለች። ቅዳሜ በዚያችው ድምፅ እንገባለን፤ ሁለተኛዋን እስከ ዓርብ እንፈልጋታለን።